አቤልን በሁለት ዓመት ያነገሠው ዌብሳይት

የሰፈራችን ልጅ የዜና ዌብሳይት አለው። ከከፈተው ቆይቷል፣ ባለፈው ሰሞን አግኝቶኝ "አቦ እስቲ ዲዛይኑን አይተህ ፍረደኝ፣ ግን እንዳታሽሟጥጥብኝ" አለኝ። የሱንም የሳይቱንም ስም አልጠራም፣ ድሬን ታውቋታላችሁ፣ ከዚራ ላይ ያወራኸው ወሬ ሻይህን ሳትጨርስ ሳቢያን ቀድሞህ ይደርሳል። እኔ ደግሞ እንጀራዬ ዲዛይን ነው፣ ባነሩም ሜኑውም የሰርግ ካርዱም ዌብሳይቱም፣ የመጣውን እሰራለሁ፣ ስለዚህ ፍረድ ስባል ደስ ይለኛል፣ ክፍያ ባይኖረውም።

ብዙ ሰው ዲዛይን ገምግም ሲባል ሆምፔጁን ይከፍትና ከለሩ አሪፍ ነው፣ ሎጎው ትንሽ ይተልቅ፣ እዚህ ጋ ስላይደር ብታደርግበት ምናምን ብሎ ይገላገላል። እኔ በሆምፔጅ አልፈርድም። ዘንድሮ ማን ነው የዜና ሳይት በፊት በር የሚገባ? ሰው ቴሌግራም ላይ ሊንክ ይላክለታል፣ ይነካዋል፣ በቀጥታ አንድ ጽሑፍ ላይ ዘጭ ይላል፣ አንብቦም ሳያነብም ይወጣል፣ ሆምፔጁ የሚባለውን ነገር በዓይኑም አያየው። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ መርጬ ከአናቱ እስከ እግሩ እንደ ተራ አንባቢ፣ በስልክ፣ ያውም በዳታ (ዋይፋይ ላይማ ሁሉም ሳይት ጎበዝ ነው) ላነበው ወሰንኩ። በብዛት የተነበበልህ የቱ ነው ስለው የአቤል ተስፋዬን ላከልኝ፣ ዘፋኙን ዘ ዊኬንድን ማለቴ ነው፣ ከምን ተነስቶ የት እንደደረሰ የሚተርክ ረጅም ጽሑፍ። የጻፈው ልጅ ጎበዝ ነው፣ አማርኛው ይጥማል፣ ይሄን አስቀድሜ ልናገርለት ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የማማርረው ሁሉ በሱ አይደለም።

ታሪኩን በደንብ ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ካለዚያ የተናደድኩበት ነገር አይገባችሁም።

አቤል እ.ኤ.አ. በ1990 ቶሮንቶ ነው የተወለደው፣ ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው፣ ስካርቦሮ የሚባለው ስደተኛ የሚበዛበት የከተማው ክፍል ውስጥ እናቱና አያቱ አሳደጉት፣ አፉን የፈታውም በአማርኛ ነው። አስራ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ትምህርቱን ትቶ ከጓደኛው ጋር ከቤት ወጣ፣ ቅዳሜና እሁድን ጠብቆ ወጥቶ በዛው ቀረ፣ የመድረክ ስሙም ከዛች ቅዳሜና እሁድ ነው የመጣው፣ በእንግሊዝኛ ሲጽፈው አንድ ፊደል ያጎደለበት ደግሞ በዚያው ስም የሚጠራ ሌላ የካናዳ ባንድ ስለነበር ነው። ከዛ የልብስ ሱቅ ተቀጥሮ ቲሸርት ማጠፍ። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ አካባቢ ሦስት ዘፈኖች ዩቲዩብ ላይ ወጡ፣ የዘፋኙ ፎቶ የለም፣ እውነተኛ ስሙ የለም፣ ቃለ መጠይቅ የሚባል ነገር የለም፣ ሰው አንድ ልጅ ነው ወይስ ባንድ ነው እያለ ይከራከር ነበር። እሱ ልብስ እያጠፈ ሱቁ ውስጥ የራሱ ዘፈን ይከፈታል፣ አብረውት የሚሰሩት ልጆች የሱ መሆኑን አያውቁም፣ እሱም ዝም ብሎ ማጠፉን ይቀጥላል። እኔ ብሆን ወላሂ አንድ ቀን አላድርም፣ ጣራ ላይ ወጥቼ ነበር የምጮኸው።

ከዛ ራፐሩ ድሬክ፣ የዛው ከተማ ልጅ፣ ብሎጉ ላይ ዘፈኖቹን አወጣለት። መጋቢት 2011 እ.ኤ.አ. ላይ ሀውስ ኦፍ ባሉንስ የሚለውን ሚክስቴፕ (መደበኛ አልበም ያልሆነ የዘፈን ስብስብ) በነጻ ለቀቀ፣ በዚያው ዓመት ሌላ ሁለት ጨመረ፣ እነሱም በነጻ። የመጀመሪያ ኮንሰርቱንም በዛው ዓመት ሐምሌ ቶሮንቶ ላይ አደረገ። እዚህ ድረስ ያለውን ሁሉም ሰው ይወደዋል፣ ድሃ ልጅ፣ ጨለማ ክፍል፣ ዩቲዩብ፣ አንድ ዝነኛ ሰው ሰማው፣ አለቀ።

አላለቀም ግን። በ2012 እ.ኤ.አ. ሦስቱን ሚክስቴፖች ሰብስቦ በትልቅ ኩባንያ በኩል በሽያጭ አወጣ። በ2013 ኪስ ላንድ የሚባል የመጀመሪያ የስቱዲዮ አልበሙን ሰራ፣ አልበሙ ተሸጠ፣ ግን ሬዲዮውን የያዘ አንድ ዘፈን አልወጣለትም፣ ሃያሲዎቹም ግማሹ ወደደው ግማሹ አልተመቸውም። አስቡት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓለም ቀጣዩ ማይክል ጃክሰን ምናምን ሲልህ ቆይቶ ትልቁ ቀንህ ሲመጣ እንዲህ ቀዝቀዝ ሲል። ብዙ ዘፋኝ እዚህ ጋ ነው የሚቀረው። እሱ ምን አደረገ፣ በ2014 ከፖፕ ዘፋኟ አሪያና ግራንዴ ጋር ዘፈነ፣ ማክስ ማርቲን ከሚባለው ስንቱን የፖፕ ዘፋኝ ቁጥር አንድ ካደረገ ስዊድናዊ ጋር ቁጭ ብሎ ሰራ፣ ማለቴ በጨለማ ድምጹ የታወቀ ልጅ ሬዲዮ ላይ የሚገባ ዜማ እንዴት እንደሚሰራ እንደ አዲስ ተማረ። በ2015 መጀመሪያ ለፊልም የሰራው ዘፈን ቤት ለቤት ገባለት፣ በዛው ዓመት ነሐሴ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በቢልቦርድ ሆት 100፣ በአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ማለት ነው፣ ቁጥር አንድ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ደ ሂልስ የተባለው ተከትሎ ቁጥር አንድ ገባ፣ ያ ዘፈን ደግሞ መጨረሻው ላይ ቁርጥ ያለ አማርኛ አለበት፣ አንዲት ሴት የፍቅር ቃል ስትናገር፣ አሜሪካ ውስጥ ያኔ መኪናውም ሱቁም ያንን አማርኛ ሳይገባው ሲያጫውት ነበር። ከዩቲዩቡ እስከዚህ ድረስ አምስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ብላይንዲንግ ላይትስ የሚለው ዘፈኑ የመጣው በ2019 መጨረሻ ነው፣ ሱፐር ቦውል ላይ (የአሜሪካ ፉትቦል የዋንጫ ጨዋታ ነው፣ በእረፍቱ ትልቅ ዘፋኝ ይዘፍንበታል) የዘፈነው ፌብሩዋሪ 2021 ነው፣ ለዛች አጭር መድረክ ከራሱ ኪስ ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮበት። ከመጀመሪያው ሚክስቴፕ እስከ ሱፐር ቦውል አስር ዓመት ማለት ነው።

አሁን ወደ ሳይቱ።

ሊንኩን ነካሁት፣ ነጭ። ነጭ። ከዛ ከላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ቁራጭ በቁራጭ ከላይ ወደ ታች መውረድ ጀመረ፣ ፎቶው ሳይጨመቅ እንደመጣ ተጭኗል፣ ለቢልቦርድ ማስታወቂያ የሚበቃ ፎቶ አራት ጣት በማትሞላ ስክሪን ላይ። ጉግል በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቁጥር በስልክ ከሚገባ ጉብኝት 53 በመቶው ገጹ ከ3 ሰከንድ በላይ ከቆየ ተጥሎ ይወጣል። አሁን ደግሞ የገጹ ዋና ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ይታይ ይላሉ። የኛ ሳይት ላይ በ2.5 ሰከንድ የአቤል ጸጉር ብቻ ነበር የታየው። ፎቶው ወርዶ ሳያልቅ ኖቲፊኬሽን ፍቀድልን የሚል መጣ፣ ሳልዘጋው ቴሌግራም ቻናላችንን ተቀላቀሉ የሚል መጣበት፣ ከሥር ደግሞ የቤቲንግ ማስታወቂያ ተቀምጧል፣ በሦስቱ መሃል ሁለት መስመር አማርኛ ይታያል።

ይሄ ሁሉ የተለመደ ነው፣ አልተናደድኩም። የተናደድኩት ቀጥሎ ነው። ጽሑፉ ለአራት ተቆራርጧል። አንድ ገጽ አንብበህ "ቀጣይ" የሚለውን ትነካለህ፣ ሌላ ገጽ ይከፈታል፣ ማስታወቂያውም እንደ አዲስ ይቆጠራል፣ ለዛ ነው የሚቆራርጡት እንጂ ለአንባቢው ምንም አይጠቅመውም። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ "ቀጣይ" ልነካ አውራ ጣቴን ሳወርድ ማስታወቂያው ዘግይቶ ገብቶ ገጹን ወደታች ገፋው፣ ጣቴ ቤቲንጉ ላይ አረፈ። ሁላችንም ደርሶብናል ይሄ። ለማስታወቂያውም ለፎቶውም ቁመትና ስፋቱ ኮዱ ላይ ቀድሞ ከተጻፈ ብሮውዘሩ ቦታውን ይዞ ይጠብቀዋል፣ ምንም ነገር አይዘልም፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ተመለስኩ፣ "ቀጣይ" አልኩ፣ ሦስተኛው ገጽ ይሽከረከራል። ይሽከረከራል። አልመጣም። ከሥር 1 2 3 4 የሚል ቁጥር ስላለ እንደማንኛውም የቸኮለ ሰው 4ን ነካሁ፣ እሱ መጣ፣ ሱፐር ቦውል።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ምን እንደነበር ገመታችሁ? ኪስ ላንድ፣ ማክስ ማርቲን፣ እነዛ ቀዝቃዛ ዓመታት፣ በሙሉ እዛ ነው ያሉት። በኋላ በኮምፒውተር ከፍቼ አየሁት፣ ጸሐፊው በጣም የለፋበትም እሱ ገጽ ነው። እና ሳይቱን በስልክ ላነበበ ሰው አቤል ቲሸርት እያጠፈ ድሬክ ሰማው፣ በማግስቱ ሱፐር ቦውል ላይ በቀይ ኮት ቆመ። ዩቲዩብ፣ ድሬክ፣ ሱፐር ቦውል።

እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ብዬ ሰው ላይ ሞከርኩት። ያዕቆብ ኒልሰን የሚባል ዌብሳይት ሰው እንዴት እንደሚጠቀምበት ሲያጠና የኖረ ሰውዬ አለ፣ አምስት ሰው ላይ ከሞከርክ አብዛኛውን ችግር ታገኘዋለህ ብሎ በ2000 እ.ኤ.አ. የጻፈውን ጽሑፍ እስካሁን ሁሉም ዲዛይነር ይጠቅሰዋል። እኔ አምስት ሰው አላስፈለገኝም። ጎረቤታችን አንድ ልጅ አለ፣ የመኪና ዕቃ ሱቅ ውስጥ ነው የሚሰራው፣ ድምጹ የምር ጥሩ ነው፣ ማታ ማታ ግቢ ውስጥ ይዘፍንና ቲክቶክ ላይ ይለቃል። ሊንኩን ላኩለትና አንብበህ ታሪኩን ንገረኝ አልኩት።

"ዩቲዩብ ላይ ለቀቀ፣ ድሬክ አየው፣ በቃ።"

"ከዛስ?"

"ከዛማ ሱፐር ቦውል። አቦ እድል ነው እኮ፣ እኔን ድሬክ አላየኝም እንጂ።"

ሦስተኛው ገጽስ ስለው የቱ ሦስተኛ ገጽ አለኝ። በስንት ዓመት ይመስልሃል ስለው ደግሞ ስልኩን አየት አድርጎ "ሁለት ዓመት" አለኝ፣ በእርግጠኝነት። ሁለት ዓመት ከየት መጣ ብዬ ስልኩን ተቀብዬ ሳየው ለካ ልጁ ልክ ነው፣ እንደተጻፈው ከሆነ። ገጽ ሁለት ላይ "በ2011 የመጀመሪያ ሚክስቴፑን ለቀቀ" ይላል። ገጽ አራት ላይ "በጥር 2013 በሱፐር ቦውል መድረክ ላይ ነገሠ" ይላል። የመጀመሪያው በፈረንጆቹ፣ ሁለተኛው በኛ! ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2021 በኛ አቆጣጠር ጥር 30 ቀን 2013 ነው፣ ሚክስቴፑ ደግሞ በኛ መጋቢት 2003 ላይ ነው የወጣው። አንዱ ጋ እ.ኤ.አ. የለም፣ ሌላው ጋ ዓ.ም. የለም፣ አስሩ ዓመት ሁለት ሆኖ ቁጭ አለ። ጸሐፊው የድሮውን ከእንግሊዝኛ አነበበው፣ የቅርቡን እኛው ሀገር ከወጣ ዜና ላይ ወሰደው፣ እና ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ናቸው። እዚህ ሀገር በሁለት ካሌንደር እየኖርን ዜና የሚያወጣ ሳይት ይሄን ለጸሐፊው ትዝታ መተው የለበትም፣ ዲዛይኑ ነው መያዝ ያለበት፣ ጸሐፊው ቀኑን አንድ ጊዜ በፈለገው ያስገባ፣ ሲስተሙ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያውጣው። ካሌንደር መቀየር ለኮምፒውተር የደቂቃ ሥራ እንኳ አይሆንበትም፣ ሂሳቡ የታወቀ ነው።

አክስቴንም አስነበብኳት። ከምሳ በኋላ በረንዳ ላይ፣ ድሬ ከምሳ በኋላ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል፣ ብርሃኑ ግን በረንዳ ድረስ ገብቶ ስክሪኑን ይመታዋል። ስልኳን ዓይኗ ጋ አስጠጋች፣ ራቅ አደረገች፣ በሁለት ጣት ልትለጥጠው ሞከረች፣ እምቢ አለ። "አንተ ልጅ ይሄ አይሰፋም እንዴ?" አለችኝ። አይሰፋም። የሰራው ሰው ዙም እንዳይደረግ ኮዱ ላይ ዘግቶታል፣ ገጹ እንዳይበላሽበት። ጽሑፉ ደግሞ ነጭ ላይ አመድማ ግራጫ ነው፣ ዲዛይነሮች ለምን እንደምንወደው አላውቅም፣ ትልቅ ሞኒተር ላይ ጨዋ ይመስላል መሰለኝ። የጽሑፍና የጀርባ ቀለም ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን የሚል ዓለም አቀፍ መመዘኛ አለ፣ እሱም ቤት ውስጥ ለተቀመጠ ሰው እንጂ የድሬን ፀሐይ አስቦ የወጣ አይመስለኝም። እኔ ጥቁር በሉት ነው የምለው፣ ድፍን ጥቁር። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ እንደምንም የመጀመሪያውን ገጽ ጨረሰች፣ አያት ማሳደጉንና አማርኛ መቻሉን ወደደችለት፣ "የማን ልጅ ነው፣ ከወዴት ናቸው?" አለች፣ ከዛ ኖቲፊኬሽኑ መጣባትና ስልኩን መለሰችልኝ።

ስለ ፊደሉ ካነሳሁ አይቀር፣ ይሄን ደግሞ ድሬ ያለውም አዲስ አበባ ያለውም ሳይት ሁሉ ይስማኝ። ቴምፕሌቱ፣ ሳይቱ የሚሰራበት ዝግጁ ንድፍ፣ የተሰራው ለላቲን ፊደል ነው። የኛ ፊደል ቁመቱ ትልቅ ነው፣ ብዙውም መስመሩን ሞልቶ ነው የሚቀመጠው፣ እንደ ላቲን ትንንሽ ፊደሎች ከላይ አየር አይተውም፣ ስለዚህ በመስመርና በመስመር መሃል ያለው ክፍተት እንደ እንግሊዝኛው ከተተወ ገጹ ይታፈናል። ርዕሱን ቦልድ ሲያደርጉት ደግሞ ቦልድ የሌለው ፎንት ከሆነ ብሮውዘሩ በግድ ያወፍረዋል፣ ሟ እና ሯ ምናምን ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። ከሁሉ የሚያስቀኝ ጥቅስ ሲመጣ ፊደሉን ማጋደላቸው ነው፣ አማርኛ መቼ ነው ተጋድሞ የተጻፈው? ግራና ቀኙን እኩል ማድረግም እንደዛው፣ አማርኛ ቃሉ ረጅም ነው፣ ስልክ ላይ አንድ መስመር ሦስት ቃል ቢይዝ ነው፣ እኩል ላድርግ ሲል በቃላቱ መሃል ባጃጅ የሚያሳልፍ ክፍተት ይከፍታል። ድሮ እኮ ይሄም ብርቅ ነበር፣ ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚስማሙበት የፊደላት ዝርዝር) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዛ በፊትም ከዛ በኋላም ለብዙ ጊዜ የአማርኛ ሳይት ለማንበብ መጀመሪያ ፎንት አውርድ ትባል ነበር፣ ካላወረድክ የሚታይህ የጥያቄ ምልክትና ካሬ ነው። አሁን ፎንት ሞልቷል፣ ከስልኩ ጋር ይመጣል፣ የቀረው ማስተካከል ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አለ፣ ሳይቱን እየገመገምኩ ስለ አቤል አጀማመር ሳስብ የገረመኝ። ልጁ መጀመሪያ ሲመጣ ገጹ ላይ ምንም አልነበረም፣ ፎቶ የለ፣ ስም የለ፣ ዘፈን ብቻ። ሰው ደግሞ የጎደለውን ፍለጋ መጣ። ለባለቤቱ ይሄን ስነግረው ደስ አለው፣ "አየህ፣ ለዛ እኮ ነው እኛም የጸሐፊ ስም የማናወጣው" አለኝ። ማለቴ ከጽሑፉ ሥር "በአድሚን" ነው የሚለው! መቼ እንደወጣ ቀኑም የለም። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም አልኩት። ዘፋኝ ፊቱን ቢደብቅ ማንንም አልበደለም፣ ዘፈኑ ወይ ይጥማል ወይ አይጥምም። ዜና ግን ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው፣ ከየት እንዳገኘው ካላወቅኩ እንዴት ብዬ ነው የማምነው? ያ ጎበዝ ልጅ ያንን ሁሉ ለፍቶ ጽፎ ስሙ አድሚን ሆኖ ቀረ። ገጹ ላይ መቀነስ የነበረበት ነገር ሁሉ አለ፣ መኖር የነበረበት ደግሞ ተቀንሷል።

ሌላው የቋንቋ ነገር ነው። ሳይቱ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ አለው፣ ለዚህ አደንቀዋለሁ፣ ድሬ ላይ ዜና አወጣለሁ ብሎ በአንድ ቋንቋ ብቻ መቅረት ነውር ነው። በቅርቡ አሊ ቢራን የሚያስታውስ ጽሑፍ በሦስቱም አውጥተው ነበር። የአሊ አነሳስም እኮ ከአቤል ባልተናነሰ ረጅም ነው። እዚሁ ድሬ በ1947 እ.ኤ.አ. ተወለደ፣ ገና ልጅ እያለ አፍረን ቀሎ ከሚባለው ቡድን ጋር ዘፈነ፣ ቢራ የሚለው ስምም ከመጀመሪያ ዘፈኑ ነው የወጣለት፣ ቡድኑ ሲከለከል አዲስ አበባ ሄዶ ክቡር ዘበኛ ባንድ ገባ፣ የመጀመሪያ አልበሙ እስኪወጣ ድረስ ግን እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መግባት ነበረባቸው። እሱም ላይ መሃሉ ረጅም ነው፣ መሃሉን የሚያነሳው ሰው ግን ጥቂት ነው። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛ፣ በዐረብኛም ሲዘፍን ኖሮ በ2022 እ.ኤ.አ. ሲሞት የተቀበረው እዚሁ ከተማው ላይ ነው። እና የሱን ታሪክ በአማርኛ እያነበብኩ ኦሮምኛውን ለማየት የቋንቋውን ቁልፍ ስነካ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ወደ ኦሮምኛው ሆምፔጅ ወሰደኝ። ጽሑፉን ከዜናው ሁሉ መሃል ራሴ ልፈልገው ማለት ነው። አምስት ቋንቋ የዘፈነ ሰው ጽሑፍ ላይ ሦስት ቋንቋ የማይገናኝበት ገጽ።

ይሄን ሁሉ ዘርዝሬ ለባለቤቱ ሰጠሁት። ለአንድ ሰዓት ያህል ተከራከርን፣ ድሬ ላይ ክርክር ደስ ይላል፣ ማንም አይቆጣም፣ ሁሉም ይጮኻል። ገጾቹን አንድ አድርጋቸው ስለው የማስታወቂያው ገቢ ይቀንሳል አለ፣ እውነቱን ነው፣ ሰርቨሩን የሚከፍለው ቤቲንጉ ነው። እኔም ማስታወቂያውን አንሳ አላልኩትም፣ ቦታውን ቀድመህ ያዝለት፣ ጽሑፉን ሳትቆርጥ መሃል መሃሉ ላይ አስገባው፣ ሰው እስከ ታች ካነበበ ያኔም ያየዋል ነው ያልኩት። ኖቲፊኬሽኑን ሰው ገብቶ አንድ ነገር ሳያነብ አትጠይቀው አልኩት፣ በሩ ላይ ቆመህ ተመልሰህ ትመጣለህ ወይ ብለህ የምትጠይቀው ደንበኛ መቼም የለም። ይሄ አስቆት ተስማማ።

ቀኖቹን በዛው ሌሊት አስተካከለ። ፎቶውን ጨመቀ፣ ዙሙን ከፈተ፣ ጽሑፉ ጥቁር ሆነ፣ አራቱም ገጽ አንድ ሆኑ፣ "በአድሚን" ተነስቶ የልጁ ስም ገባ። ሊንኩን ለመኪና ዕቃ ሻጩ ጎረቤታችን ድጋሚ ላኩለት፣ አሁን እስከ ታች አንብቦ ደወለልኝ፣ "አስር ዓመት? አቦ ይሄንንማ ባትነግረኝ ይሻል ነበር" አለኝ፣ ከዛ ኪስ ላንድ የሚባለውን አልበም የት እንደሚያገኘው ጠየቀኝ። የቋንቋው ቁልፍ ግን አሁንም ወደ ሆምፔጅ ነው የሚወስደው፣ ፕሮግራመሩ ሐረር ሰርግ አለብኝ ብሎ ሄዷል፣ ስልኩም አይነሳም።